ፋይሉ ተመልሷል፤ ፈቃዱስ?

ከዚራ ሰፈር ያለ የአንድ ቢሮ የሰርቨር ዲስክ ሞተ እንበል። ድሬዳዋ ላይ በግንቦት ሙቀት ዲስክ መሞቱ ዜና አይደለም። ባክአፕ ነበር፤ አዲስ ዲስክ ተገዛ፣ ዳታው ተመለሰ፣ ፎልደሮቹ አንድም ሳይጎድል በቦታቸው ናቸው። በማግስቱ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ የሒሳብ ክፍሏ ሠራተኛ የራሷን ፎልደር መክፈት አቅቷት «አክሰስ ዲናይድ ይለኛል» ብላ ትደውላለች፤ ወይ ማንም አይደውልም። የሚያስፈራው ሁለተኛው ነው። ስልኩ ዝም ያለው መጋዘን ጠባቂውም ሹፌሩም የደመወዝ ፎልደሩን እንደልባቸው መክፈት ስለቻሉ ሊሆን ይችላል።

ፋይሉን ማን ያንብብ፣ ማን ይጻፍበት፣ ማን ይሰርዘው የሚለው መረጃ ከፋይሉ ይዘት ውስጥ የለም። የሚይዘው ዲስኩ ፎርማት የተደረገበት የፋይል ሲስተም ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ኤንቲኤፍኤስ፣ ሊኑክስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤክስት4 ወይም ኤክስኤፍኤስ። ፋት32 እና ኤክስፋት ግን ለእንዲህ ያለ ዝርዝር ጭራሽ ቦታ የላቸውም። ታይዋን ገበያ የምንገዛው ፍላሽ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከነዚህ በአንዱ ፎርማት ተደርጎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ዳታን ፍላሽ ላይ ኮፒ ማድረግ ይዘቱን ያተርፋል፣ ፈቃዱን ግን እዚያው ያስቀረዋል። በዊንዶውስ ዚፕ አድርጎ ማስቀመጥም ያው ነው። ኤክስተርናል ዲስክ ስትገዙ መጀመሪያ ወደ ኤንቲኤፍኤስ ቀይሩት።

እዚሁ ላይ አንድ ነገር ላንሳ፤ ብዙ ጭቅጭቅ የሚመጣው ከእሱ ነው። ዊንዶውስ ላይ ፋይል ኮፒ ሲደረግ አዲሱ ቅጂ የሚገባበትን ፎልደር ፈቃድ ይወርሳል። እዚያው ድራይቭ ላይ በካት ሲዛወር ግን የድሮ ፈቃዱን ይዞ ይሄዳል። ከሰው ኃይል ፎልደር ተቆርጦ «ለሁሉም» ወደሚባለው ፎልደር የገባ ፋይል ለማንም አልከፈት የሚለው ለዚህ ነው። ባክአፕና ሪስቶርም በመሠረቱ ኮፒ ናቸው፤ ፈቃዱን ይዘህ ና ተብሎ ካልተነገራቸው አይዙም።

ኮማንዶቹን ከዚህ በታች በእኛ ፊደል ነው የምጽፋቸው፤ ኪቦርድ ላይ ግን በላቲን ፊደል ይመታሉ።

ከዊንዶውስ እንጀምር። «አይካክልስ» የሚባለው ኮማንድ ከሲስተሙ ጋር አብሮ ይመጣል፣ ምንም ዳውንሎድ አይፈልግም። ስሙ አይ፣ ሲ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኤል፣ ኤስ ተብሎ ይጻፋል። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍታችሁ፦

አይካክልስ ዲ:\ዳታ /ሴቭ ኢ:\ፈቃድ\ዳታ.ቲኤክስቲ /ቲ /ሲ

ቲ ማለት ወደ ውስጥ ያሉትን ሁሉ አዳርስ፣ ሲ ማለት ስህተት ቢያጋጥምህም አትቁም ነው። ሲጨርስ ስንት ፋይል እንደተሳካና ስንት እንዳልተሳካ በአንድ መስመር ይነግራችኋል። ያልተሳካው ዜሮ ካልሆነ ወደላይ መለስ ብላችሁ የትኛው እንደሆነ እዩ። ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው አድሚኑን ራሱን ያስወጣበት ፎልደር ነው፤ ወይም ሙሉ አድራሻው ከ260 ፊደል ያለፈ ፋይል። ለሁለተኛው መድኃኒቱ ከአድራሻው በፊት \\?\ መጨመር ነው።

አሁን ጉዳዩን የሚያበላሸው ነገር ላይ ደረስን። ከላይ የጻፍኩት «ዲ:\ዳታ» ብሎ ያቆማል። ብዙ ሰው ግን «ዲ:\ዳታ\*» ብሎ በኮከብ ነው የሚጽፈው። ሁለቱም ይሠራሉ፣ የሚያወጡት ፋይል ግን አንድ አይደለም። ኮከብ በሌለው ውስጥ እያንዳንዱ መስመር «ዳታ» ብሎ ይጀምራል፦ ዳታ፣ ዳታ\ሒሳብ፣ ዳታ\ሒሳብ\ደመወዝ። ኮከብ ባለው ውስጥ «ዳታ» የሚለው የለም፤ በቀጥታ ሒሳብ፣ ሒሳብ\ደመወዝ ነው። አድራሻው ሙሉ ስላልሆነ ሪስቶር ስታደርጉ ከየት ጀምሮ እንደሚቆጥር መናገር ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ኮከብ ለሌለው አንድ ደረጃ ወደላይ ወጥታችሁ፦

አይካክልስ ዲ:\ /ሪስቶር ኢ:\ፈቃድ\ዳታ.ቲኤክስቲ /ሲ

ኮከብ ላለው ደግሞ «ዲ:\ዳታ» ላይ። ይህን ያምታታ ሰው «ፋይሉን ማግኘት አልቻልኩም» የሚል መልእክት በሺህ መስመር ይዘንብበታል። ያም ቢሆን እድለኛ ነው። ዲ ላይ በአጋጣሚ ሌላ «ሒሳብ» የሚባል ፎልደር ካለ ስህተት ሳያሳይ የዚያኛውን ፈቃድ ነው የሚለውጠው። እኔ ኮከብ የሌለውን እመርጣለሁ፤ የዋናውን ፎልደር የራሱን ፈቃድም ስለሚይዝ። በኮከብ ከወሰዳችሁ ከላይ ያለው «ዳታ» ራሱ ይቀራል፤ የታችኞቹ አብዛኛውን ፈቃድ የሚወርሱት ደግሞ ከእሱ ነው።

የሚወጣው የጽሑፍ ፋይል በኖትፓድ ይከፈታል። ለእያንዳንዱ ነገር ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ አድራሻ፣ ቀጣዩ ፈቃዱ በምሕጻረ ቃል። ሁለተኛው መስመር ሲያዩት ያስፈራል፣ ሲለምዱት ግን ከባድ አይደለም። «ዲ» ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ «ፒ» ካለ ይህ ፎልደር ከላይ መውረስ ተቋርጧል ማለት ነው። ከዚያ በቅንፍ በቅንፍ የተለያዩ ፈቃዶች ይከተላሉ፣ እያንዳንዱ ቅንፍ ደግሞ በሴሚኮለን (;) ይከፋፈላል። መጀመሪያው «ኤ» ከሆነ ይፈቀዳል፣ «ዲ» ከሆነ ይከለከላል። «ኦአይሲአይ» ለታች ፋይሎችና ፎልደሮች ይውረድ ማለት ነው። «ኤፍኤ» ሙሉ ሥልጣን፤ 0ኤክስ1301ቢኤፍ የሚለው ቁጥር ማሻሻል፤ 0ኤክስ1200ኤ9 ማንበብና ማስኬድ። የመጨረሻው ባለፈቃዱ ነው፦ «ቢኤ» የአድሚኒስትሬተሮች ግሩፕ፣ «ኤስዋይ» ሲስተሙ ራሱ፣ «ደብሊውዲ» ማንም ሰው። የደመወዝ ፎልደር መስመር ላይ «ደብሊውዲ» ካያችሁ ሪስቶር ከማድረጋችሁ በፊት ቆም በሉ፤ ያስቀመጣችሁት የተበላሸውን ፈቃድ ነው።

ፋይሉን ለማንበብ ክፈቱት፣ ሴቭ ግን አታድርጉት። የተጻፈው በዩኒኮድ ነው። ኖትፓድ ላይ አስተካክሎ አንሲ በሚባለው፣ የእኛን ፊደል በማያውቀው አሮጌ አጻጻፍ ያስቀመጠው ሰው የአማርኛ ስም ያላቸው ፎልደሮች ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆኑበታል፣ አይካክልስም አይቀበለውም። ድሬዳዋ ላይ የፎልደር ስም በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማልኛም፣ አንዳንዴም በዐረብኛ ፊደል ስለሚጻፍ ይህ ጉዳት ሌላ ቦታ ካለው በላይ እዚህ ይታያል።

ይህ ፋይል የማይዘው ነገርም አለ። የፋይሉን ባለቤት አይዝም። የኦዲት ዝርዝሩንም፣ ማለትም ማን ሲከፍተው ይመዝገብ የሚለውን፣ አይዝም። ባለቤት ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ዊንዶውስ ላይ ባለቤቱ ከዝርዝሩ ቢወጣ እንኳ ፈቃዱን መልሶ መቀየር ይችላል። ስለዚህ ባለቤቶቹን ለብቻ መዝግቡ። «ዲር /ኪው /ኤስ» ብሎ ውጤቱን ወደ ፋይል መላክ ለትንሽ ቢሮ ይበቃል፤ ሲመለስ በአይካክልስ /ሴትኦነር ይስተካከላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ራስ ምታት የሚሆነው የመለያ ቁጥሩ ነው። ዊንዶውስ ፈቃድ ሲሰጥ «አልማዝ» ብሎ አይመዘግብም። ኤስ-1-5-21 ብሎ የሚጀምር፣ ሦስት ረጃጅም ቁጥሮች የሚከተሉት፣ መጨረሻ ላይ የዩዘሩ ቁጥር ያለበት መለያ ነው የሚመዘግበው። ረጃጅሞቹ ኮምፒውተሩን ወይም ዶሜኑን (ዩዘሮቻቸው ከአንድ ማዕከል የሚመሩ ኮምፒውተሮች ስብስብ) ይለያሉ። መጨረሻው ለአድሚኒስትሬተር 500 ነው፣ እናንተ የምትፈጥሯቸው ዩዘሮች ከ1000 ይጀምራሉ። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖ «አልማዝ» የሚባል ዩዘር ብትፈጥሩ ስሙ ያው ነው፣ መለያው ግን ሌላ ነው። ፈቃዱ ሪስቶር ሲደረግ ኮማንዱ «ተሳካ» ይላል፤ ሴኩሪቲ ታብ ላይ ግን በአልማዝ ፋንታ ቁጥሩ ብቻ «አካውንት አንኖውን» ተብሎ ይታያል፣ እሷም አትገባም። እንደ ኤስ-1-5-32-544 ያሉት፣ ማለትም የአድሚኒስትሬተሮች ግሩፕና መሰሎቹ፣ በየትኛውም ዊንዶውስ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ችግር የለባቸውም።

ስለዚህ ፈቃዱን ባስቀመጣችሁ ቀን የዩዘሮችንና የግሩፖችን ስም ከነመለያቸው አብራችሁ አስቀምጡ። ፓወርሼል ላይ ጌት-ሎካልዩዘርና ጌት-ሎካልግሩፕ፣ ከኋላቸው «| ሴሌክት ኔም,ኤስአይዲ» ሲጨመርባቸው፣ ስምና መለያውን ጎን ለጎን ያወጣሉ። ዝርዝሩ በእጃችሁ ካለ አይካክልስ ራሱ ይተካላችኋል፦

አይካክልስ ዲ:\ /ሰብስቲትዩት *ኤስ-1-5-21-…-1004 ሒሳብ /ሪስቶር ኢ:\ፈቃድ\ዳታ.ቲኤክስቲ /ሲ

በሦስቱ ነጥብ ቦታ ሙሉውን ቁጥር ትጽፋላችሁ። ቁጥሩ ፊት ያለችው ኮከብ የግድ ናት፤ ያለሷ ቁጥሩን እንደ ስም ያየዋል። አሮጌና አዲስ ጥንዶችን በተከታታይ መደርደርም ይቻላል። ፈቃድ ለሰው ሳይሆን ለግሩፕ ይሰጥ የሚባለው ምክር ፍሬው እዚህ ላይ ነው፤ አርባ ሠራተኛ ያለው ቢሮ አምስት ግሩፕ ቢኖረው የምትተኩት አምስት መለያ ነው። ዶሜን ያለው መሥሪያ ቤት ደግሞ መለያዎቹ ያሉት ዶሜን ኮንትሮለሩ (ዶሜኑን የሚመራው ሰርቨር) ላይ ስለሆነ እሱን ከባክአፕ ማስነሳት እንጂ በዚያው ስም አዲስ ዶሜን መፍጠር መፍትሔ አይሆንም።

ዝርዝሩ ሳይወሰድ ዊንዶውሱ ቢሞትስ? አሮጌው ዲስክ የሚነበብ ከሆነ ተስፋ አለ። በዩኤስቢ ከሌላ ዊንዶውስ ጋር አገናኙትና ዩዘርስ ፎልደር ውስጥ ያሉትን የየሰዉን ፎልደሮች አንድ በአንድ በአይካክልስ እዩ። በአልማዝ ፎልደር ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ያ የማይታወቅ ቁጥር አልማዝ ናት። በዚያ ማሽን ላይ ራሳቸው ሎግኢን አድርገው ለማያውቁት ግን ይህ አይሠራም፣ ፎልደር የላቸውማ።

ጥገና ቤቶች ዊንዶውስ አልነሳ ሲል ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ከፍላሽ አስነስተው ዳታውን ጎትተው ያወጣሉ። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን በዚያ መንገድ ተራ ኮፒ ሲደረግ የዊንዶውሱ ፈቃድ አብሮ አይወጣም። ኤንቲኤፍኤስ-3ጂ ከሚባለው ፓኬጅ ጋር የሚመጣ ኤንቲኤፍኤስሴክኦዲት የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ዲስኩ ማውንት ሳይሆን (ለሥራ ሳይከፈት)፣ በ-ቢ ፈቃዶቹን ወደ ጽሑፍ ፋይል ያወጣል፣ በ-ኤስ ይመልሳል። ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ደቂቃዎች ስጡት።

ሁለቱም ዲስኮች በሕይወት ካሉና ዳታው ፈቃዱን ሳይዝ ከተሻገረ፣ ሮቦኮፒ የሚባለው የዊንዶውስ ኮፒ ማድረጊያ ኮማንድ ከአይካክልስ ይቀላል፦

ሮቦኮፒ ኤፍ:\ዳታ ዲ:\ዳታ /ኢ /ኮፒ:ዲኤቲኤስኦ /ሴክፊክስ /ኤክስኦ /አር:1 /ደብሊው:1

«ኤስ» ፈቃዱ፣ «ኦ» ባለቤቱ ነው። ሴክፊክስ የተጨመረበት ምክንያት ሮቦኮፒ ያልተለወጠ ፋይል ሲያገኝ ዘሎት ስለሚሄድ ነው፤ ፋይሉን ሲዘል ፈቃዱንም ይዘለዋል። ሴክፊክስ ግን የተዘለሉትንም ያስተካክላል። ኤክስኦ ሰው ዛሬ ጠዋት ያሻሻለውን ፋይል በአሮጌው እንዳይደመስስ ይከላከላል። አርና ደብሊው ካልተጻፉ ሮቦኮፒ የተቆለፈ ፋይል ሲያገኝ በየ30 ሰከንዱ ሚሊዮን ጊዜ ነው የሚሞክረው፤ አቦ፣ ያን የሚጠብቅ ማን አለ። ከነኦዲቱ ልውሰድ ብላችሁ ኮፒኦል ብትሉ የኦዲት ሥልጣን የለህም ብሎ ሊቆም ይችላል፤ ለተራ ቢሮ አያስፈልግም።

ቴክኦውን የሚባለውን ኮማንድ በተመለከተ፦ «አክሰስ ዲናይድ» ሲል ሁሉም መጀመሪያ የሚመዘው እሱን ነው። ከ/አር ጋር /ዲ ዋይ ተጨምሮበት ሲሮጥ፣ ማየት በማይችላቸው ፎልደሮች ላይ የነበረውን ፈቃድ አንስቶ ለእናንተ ሙሉ ሥልጣን በሚሰጥ ይተካዋል። አሮጌው ፈቃድ የተጻፈበት ብቸኛ ቦታ ያ ዲስክ ከሆነ፣ እዚያው አጠፋችሁት ማለት ነው። መጀመሪያ አይካክልስ /ሴቭ፣ የሚነበበው ያህል ይነበብ፣ ከዚያ በኋላ ቴክኦውን።

በኔትወርክ የሚከፈቱ ፎልደሮች ሁለት በር አላቸው፤ የሼሩ ፈቃድና የኤንቲኤፍኤስ ፈቃድ። የሚሠራው ከሁለቱ ጠበቅ ያለው ነው። እስካሁን ያልናቸው ሁሉ የሼሩን አይነኩም። የሼሮቹ ዝርዝር ሬጂስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ ማስተካከያዎች መዝገብ ውስጥ፣ ሲስተም ሥር በከረንትኮንትሮልሴት፣ ሰርቪስስ፣ ላንማንሰርቨር፣ ሼርስ የሚለው ቦታ ነው ያለው። ያንን በሬግ ኤክስፖርት አውጥታችሁ አስቀምጡ፤ ስትመልሱ ሰርቨር የሚባለውን ሰርቪስ ሪስታርት አድርጉ። መለያዎቹ እዚያም ቁጥር ስለሆኑ ዊንዶውሱ አዲስ ከሆነ ሼሮቹን በእጅ እንደገና መፍጠር ይቀላል።

ሊኑክስ ላይ ነገሩ ይቀላል፣ ወጥመዱ ግን ሌላ ነው። ጌትፋክልና ሴትፋክል «አክል» በሚባል ፓኬጅ ውስጥ ይመጣሉ። በሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው የሊኑክስ ዩዘር) ሆናችሁ፦

ጌትፋክል -አር -ፒ /ኤስአርቪ/ዳታ > /ሩት/ዳታ.አክል
ሴትፋክል --ቴስት --ሪስቶር=/ሩት/ዳታ.አክል
ሴትፋክል --ሪስቶር=/ሩት/ዳታ.አክል

ሁለቱም አማራጮች፣ አርም ፒም፣ አቢይና ንዑስ ፊደል ይለያሉ፤ አሩ አቢይ፣ ፒው ንዑስ ነው። ፒ ከሌለ ጌትፋክል ከአድራሻው ፊት ያለውን ስላሽ ቆርጦ ይጥላል፣ እንደጣለም ይነግራችኋል። ያ ከሆነ ሪስቶር ስታደርጉ ከሥሩ፣ ከ«/» ላይ መቆም አለባችሁ። ቴስት ያለበት መስመር ምንም ሳይነካ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ያሳያል። ከአይካክልስ በተለየ ይህ ባለቤቱንም ግሩፑንም ይመልሳል፤ ለዚህም ነው ያለ ሩት የማይሆነው። ለሰዎች በስም የተሰጠ ተጨማሪ የፈቃድ ዝርዝር የሌለበት ተራ ፋይል ቢሆንም ይመዘግበዋል፤ ስለዚህ ከቺሞድ -አር (የፎልደሩን ፈቃድ እስከ ውስጥ ከሚለውጠው ኮማንድ) በፊት ለመያዝም ይጠቅማል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ሰው ሁሉ ይሳሳታል። በኤልኤስ -ኤል የፋይሉ ፈቃድ መጨረሻ ላይ የመደመር ምልክት ካለ፣ መካከለኛዎቹ ሦስት ፊደሎች የግሩፑ ፈቃድ መሆናቸው ቀርቶ ማስክ የሚባለው ጣሪያ ይሆናሉ። ለአልማዝ በስሟ ማንበብና መጻፍ ሰጥታችኋል እንበል። ሌላ ሰው መጥቶ «ግሩፑ እንዳይጽፍ» ብሎ ቺሞድ ጂ-ደብሊው ሲል የቀነሰው ጣሪያውን ነው። የአልማዝ ፈቃድ ዝርዝሩ ላይ እንዳለ ይታያል፣ አጠገቡ ግን «ኢፌክቲቭ» ብሎ ማንበብ ብቻ ይላል። አልማዝ መጻፍ አትችልም፣ ፈቃዷም አልተነሳም። በዚህ ሁኔታ የተወሰደ ባክአፕ ችግሩን አብሮ ይመልሳል። ፈቃዱን ከማስቀመጣችሁ በፊት በውጤቱ ውስጥ «ኢፌክቲቭ» የሚል ቃል ፈልጉ።

ሌላ ማሽን ላይ የምትመልሱ ከሆነ ጌትፋክል የሚጽፈው ስም ነው እንጂ ቁጥር አይደለም። ስለዚህ አዲሱ ማሽን ላይ ዩዘሮቹና ግሩፖቹ አስቀድመው መኖር አለባቸው፤ ቁጥራቸው ቢለያይ ግን ግድ የለም። ታር (ፋይሎችን በአንድ የሚያሽገው) እና አርሲንክ (ኮፒ የሚያደርገው) ላይ ደግሞ ባለቤቱ በቁጥር ወይም በስም መሄዱን እናንተ ናችሁ የምትወስኑት፤ ዩዘሮቹ ገና ባልተፈጠሩበት ማሽን ላይ የምታወርዱ ከሆነ ኑመሪክ የሚለውን አማራጭ ጨምሩ። አርሲንክ -ኤ ብቻ ሲባል ሁሉንም ይወስዳል ተብሎ ይታመናል፤ አይወስድም። ለተጨማሪ ዝርዝሩ አቢይ ኤ፣ ለኤክስቴንድድ አትሪቢዩት (ከፋይሉ ጋር ለተያያዘ ተጨማሪ መረጃ) አቢይ ኤክስ መጨመር አለባቸው። ታር ላይም --አክልስ እና --ኤክስአትርስ ሲታሸግም ሲፈታም ይጻፋሉ።

ሳምባ በሚባል ፕሮግራም ለዊንዶውስ ዩዘሮች ፎልደር የሚያጋራ ሊኑክስ ሰርቨር ካላችሁ ጌትፋክል ብቻውን አይበቃም። ሳምባ በአክል ኤክስአትር ሞጁል ሲሠራ ሙሉውን የዊንዶውስ ፈቃድ ሴኩሪቲ.ኤንቲኤክል በሚባል አትሪቢዩት ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ይህን መጻፍ የሚችለው ሩት ብቻ ነው። ጌትፋትር -አር -ዲ -ኤም - ብላችሁ አውጡት፣ ሴትፋትር --ሪስቶር ይመልሰዋል። ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው፤ መጀመሪያ ሴትፋክል፣ ቀጥሎ ሴትፋትር። ሳምባ ከሥሩ ያለው የሊኑክስ ፈቃድ ከመዘገበው ጋር ካልገጠመለት የራሱን ዝርዝር ትቶ የሊኑክሱን ይከተላል።

ቺሞድ -አር 777 በስህተት ከሥሩ ጀምሮ ከሮጠ ምን ይሆናል? ለጊዜው የሩት ሥልጣን የሚሰጠው ሱዱ፣ ፕሮግራሙ በባለቤቱ ሥልጣን እንዲሮጥ የሚያደርገው ሴትዩአይዲ የሚባለው ምልክት ስለጠፋበት አልሠራም ይላል። ከርቀት መግቢያው ኤስኤስኤች ቁልፉ ለሁሉም ክፍት ነው ብሎ አልቀበል ይላል። ማሽኑን ሪስታርት አታድርጉ፣ የተከፈተ የሩት መስኮት ካለም አትዝጉት። ሬድሃት ቤተሰብ ላይ አርፒኤም -ኤ --ሴትዩጂድስ፣ ከዚያ አርፒኤም -ኤ --ሴትፐርምስ። በዚህ ቅደም ተከተል፤ ምክንያቱም ባለቤት ሲቀየር ሴትዩአይዲ ይጠፋል። ኡቡንቱና ዴብያን ላይ እንዲህ ያለ አቋራጭ የለም። የሚያዋጣው ያንኑ ቨርዥን የጫነ ጤነኛ ማሽን ፈልጎ የዩኤስአርንና የኢቲሲን ፈቃድ በጌትፋክል ወስዶ እዚህ መመለስ ነው፤ እዚህ የሌለ ፋይል ሲያጋጥም ይጮሃል፣ ይጩህ። ሩት ሆናችሁ እንኳ «ኦፐሬሽን ኖት ፐርሚትድ» የሚል ፋይል ካለ በኤልኤስአትር እዩት፤ አይነኬ ተደርጎ ይሆናል።

ሪስቶሩ መሳካቱን በኮማንዱ መልስ አትመኑ። ዊንዶውስ ላይ እንደገና /ሴቭ አድርጋችሁ አዲሱን ከአሮጌው ጋር በኤፍሲ /ዩ አወዳድሩ፤ ዩ ዩኒኮድ ማለት ነው። ሊኑክስ ላይ ዲፍ ይበቃል። መለያ ከተካችሁ እነዚያ መስመሮች ይለያያሉ፣ ሌላው አንድ መሆን አለበት። ቀጥሎ በተራ ዩዘር ግቡ፤ አድሚን ሆኖ መሞከር ምንም አያሳይም። የመጋዘኑን ዩዘር ይዛችሁ የደመወዝ ፎልደሩን ክፈቱ፣ መከልከል አለበት። የሒሳቡን ይዛችሁ አንድ ፋይል ጻፉ፣ አሻሽሉ፣ ሰርዙ። ማንበብ ከተቻለ መጻፍም ይቻላል ብላችሁ አትለፉ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ድሬዳዋ ላይ ከቀትር በኋላ ያለው እረፍት ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። በበርጫ ሰዓት ፋይል ከፍቶ የሚቀመጥ የለም፣ የተቆለፈ ፋይል አይኖርም። ታስክ ስኬጁለር (ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳው የዊንዶውስ ፕሮግራም) ላይ ስትሞሉ ግን በእኛ 7 ሰዓት ማለት ለማሽኑ 13 ሰዓት መሆኑን አትርሱ፤ 7 ብሎ የሞላ ሰው ሥራው የሚነሳው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ታስኩን በሲስተም አካውንት፣ በከፍተኛው ሥልጣን አስሩት። መብራት በመካከል ከጠፋ ፋይሉ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል፣ ሲታይ ግን ሙሉ ይመስላል፤ ስለዚህ በየጊዜው በቀኑ ስም አዲስ ፋይል ይጻፍ እንጂ ባለፈው ላይ አይጻፍበት። መጠኑ አያሳስብም። አድራሻው 60፣ ፈቃዱ 150 ፊደል ያህል ቢሆን፣ በዩኒኮድ ለአንድ ፋይል 420 ባይት ነው፤ ለ100,000 ፋይል 42 ሜጋባይት ይመጣል፣ ዚፕ ሲደረግ ደግሞ በጣም ይቀንሳል። በሳምንት አንዴ፣ በተጨማሪም ማንኛውም ሰው ፈቃድ ከመንካቱ በፊት።

አንዱን ቅጂ ከከተማው አውጡት። የ1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ ያየ ሰው ሰርቨሩና ባክአፑ አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ የለባቸውም ሲባል ማብራሪያ አይጠይቅም። ሐረር ቅርንጫፍ ያለው መሥሪያ ቤት ዲስኩን ወደዚያ ቢልክ ይበቃዋል። ግን የፈቃድ ፋይሉ የሠራተኛውን ስም፣ የፎልደሩን ስም፣ ማን የት እንደሚገባ ሁሉ ያሳያልና ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ ማመስጠሪያ) ይቆለፍ፤ ሚኒባስ ውስጥ የሚረሳ ነገር ብዙ ነው።

ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ለምትዛወሩ ደግሞ አንድ ነገር ይቀራል። ኤንቲኤፍኤስ የፋይል ስምን የሚቆጥረው በፊደል ነው፣ እስከ 255። ኤክስት4 የሚቆጥረው በባይት ነው፣ እሱም 255። የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ሦስት ባይት ስለሚወስድ፣ ሊኑክስ ላይ የአማርኛ ስም ከ85 ፊደል አያልፍም። «የ2016 በጀት ዓመት የሦስተኛው ሩብ ዓመት የንብረት ቆጠራ…» ብሎ የሚቀጥለው ረጅም ስም ዊንዶውስ ላይ ሰላም ይኖራል፣ ሲዛወር ግን «ፋይል ኔም ቱ ሎንግ» ተብሎ ይቀራል። ረጃጅሞቹን እዚያው ዊንዶውስ ላይ አሳጥሩ፣ ፈቃዱን የምታስቀምጡትም ካሳጠራችሁ በኋላ ይሁን፤ ስሙ የተቀየረን ፋይል የድሮው የፈቃድ ዝርዝር አያገኘውም።